ጽሑፉ ወረቀቱ ላይ፣ ቤቱ ሞዴሉ ውስጥ፦ መጠኑንና ቦታውን ሳይለቅ እንዴት ይዛወራል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጅማ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የዲዛይን ቢሮ በድራፍቲንግ እሠራለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የጀመረውን የአንድ ጂ+2 ሕንፃ ፋይል ተረክቤያለሁ። የክፍሎቹን ስም፣ የኮለኖቹ መስመር መለያ የሆኑትን የአክሲስ ክቦችና ከፊሉን ልኬት ሌይአውቱ ላይ፣ ማለትም ለኅትመት በሚዘጋጀው ወረቀት (ፔፐር ስፔስ) ውስጥ አስቀምጧቸዋል። የፕሮጀክቱ ስምና የሥዕሉ ቁጥር የሚጻፍበት የሉሁ ፍሬም (ታይትል ብሎኩ) ግን ቤቱ ራሱ በሚሳልበት በሞዴል ስፔስ ውስጥ ነው። ስትራክቸራል መሐንዲሱ ‹አክሲስ የሌለው ፕላን ነው የላክሽልኝ› አለኝ። ጽሑፎቹን ኮፒ አድርጌ ሞዴሉ ውስጥ ስለጥፋቸው ወለል ፕላኑ ላይ ጨርሶ እስከማይታዩ ድረስ ያንሳሉ፤ ሳይት ፕላኑ ላይ ደግሞ ግቢውን ይሸፍኑታል። በነበሩበት ቦታ እንዲለጠፉ ሳዝዝ ደግሞ ከነአካቴው ይጠፋሉ። ሁሉንም እንደገና ከመጻፍ ሌላ መንገድ ይኖራል?»

መልስ፦ እህቴ፣ እንደገና አትጻፊ። የሥዕል ፕሮግራሙ አውቶካድ ለዚሁ ሥራ «ቻንጅ ስፔስ» የሚባል ትዕዛዝ አለው። የመረጥሽውን ነገር ከወረቀቱ ወደ ሞዴሉ ወይም ከሞዴሉ ወደ ወረቀቱ ያሻግረዋል። ሲያሻግረውም በቪውፖርቱ (ከወረቀቱ ላይ ቤቱን በምናይበት መስኮት) ስኬል ልክ አሳድጎ ወይም አሳንሶ፣ እይታው ዞሮ ከሆነም አብሮ አዙሮ፣ ሌይአውቱ ላይ በሚታይበት በዚያው ቦታ ያስቀምጠዋል። ቀድሞ ከተጨማሪ መሣሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ በኋላ ከዋናው ፕሮግራም ጋር ተቀላቅሏል። ሌላው የሥዕል ፕሮግራም ብሪክስካድም ተመሳሳዩ አለው። ይሁን እንጂ ይህ ትዕዛዝ የሚያምነው ቪውፖርቱን ብቻ ነው። ቪውፖርቱ የተሳሳተ ከሆነ ስሕተቱን ሳይቀንስ ሳይጨምር ወደ ሞዴሉ ይዞት ይገባል። ስለዚህ ማሻገሩ ራሱ የደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ ጊዜሽን ልትሰጪው የሚገባው ከእሱ በፊት ላለው ምርመራ ነው።

መጀመሪያ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ለምን እንዳላዋጣሽ እንይ። ይህ ከገባሽ የቀረው ሁሉ ይቀልልሻል። ሞዴል ስፔስና ፔፐር ስፔስ በአንድ ፋይል ውስጥ ቢኖሩም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ሞዴል ስፔስ ውስጥ ቤቱ በእውነተኛ መጠኑ ይሳላል፤ 20 ሴንቲ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ በሚሊ ሜትር ሲሳል 200 ነው። ፔፐር ስፔስ ውስጥ ደግሞ እውነተኛ መጠኑን የያዘው ወረቀቱ ነው፤ ኤ1 ከሆነ 841 በ594 ሚሊ ሜትር። ቪውፖርቱ በወረቀቱ ላይ የተከፈተ፣ ወደ ቤቱ የምናይበት መስኮት ነው። ስኬል የሚባለው ነገር የሚኖረውም እዚያ መስኮት ላይ እንጂ ቤቱም ላይ ወረቀቱም ላይ አይደለም።

ፔፐር ስፔስ የመጣው በ1990 በአውቶካድ 11ኛ እትም ነው፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ብዙ ሌይአውቶች መያዝ የተቻለው ደግሞ ከአውቶካድ 2000 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተማሩ ሰዎች ታይትል ብሎኩን በ100 አባዝተው ቤቱ ዙሪያ፣ እዚያው ሞዴሉ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። ልማዱ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ እየተላለፈ ቆይቷል። አንቺ የተረከብሽው ፋይል ሁለቱን ዘመኖች በአንድ ላይ የያዘ ይመስለኛል፤ ታይትል ብሎኩ በድሮው፣ ጽሑፉ በአዲሱ።

ኮፒ አድርገሽ ስትለጥፊ ከዚያ ወደዚህ የሚሻገረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ቁመት የነበረው ፊደል ሞዴሉ ውስጥም 2.5 ሆኖ ይቀመጣል። ወለል ፕላኑ በሚሊ ሜትር የተሳለና በ1፡100 የሚታይ ከሆነ ቁመቱ 250 መሆን ነበረበት። 200 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ግድግዳ አጠገብ የ2 ሚሊ ሜትር ተኩል ፊደል ማን ያየዋል? ሳይት ፕላኑ ላይ የተገላቢጦሽ የሆነብሽ ደግሞ እሱ በሜትር የተሳለ በመሆኑ ነው፤ ቀያሹ ነጥቦቹን የሚሰጠው በሜትር ነውና። ስኬሉ 1፡200 ነው እንበል፤ አንድ ሜትር መሬት ወረቀቱ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የ2.5 ሚሊ ሜትሩ ፊደል ሞዴሉ ውስጥ 0.5 መሆን ሲገባው 2.5 ሜትር ቁመት ይዞ ግቢው ውስጥ ተተከለ። ከቤቱ በር ይበልጣል ማለት ነው።

ጠፋ ያልሽው የጅማ አቀማመጥ ውጤት ነው። ከተማችን በግምት በ7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሰሜን፣ በ36 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ይህ ቀያሾች ቦታን በሜትር በሚገልጹበት በዩቲኤም ሥርዓት፣ በዞን 37 ሰሜን ሲገለጽ ኢስቲንጉ (የምሥራቅ ቁጥሩ) ወደ 260,000 ሜትር፣ ኖርዚንጉ (የሰሜን ቁጥሩ) ደግሞ ወደ 848,000 ሜትር ይጠጋል። ቦታው ጅሬን ኮረብታ ላይም ይሁን አዌቱ ወንዝ ዳር፣ ከቀያሹ የምትቀበያቸው ቁጥሮች በእነዚህ ዙሪያ ናቸው። የወረቀቱ ቁጥሮች ግን ከ0 አካባቢ ተነሥተው 841 ላይ ያበቃሉ። በነበረበት ቦታ ይለጠፍ ስትዪ ፕሮግራሙ እንዳዘዝሽው አደረገ፤ ጽሑፉን በዜሮ ነጥቡ አጠገብ፣ ከመሬቱ ከ850 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አስቀመጠው። አሁንም እዚያው አለ። ያለውን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሳየውን «ዙም ኤክስቴንትስ» ብትዪ ግቢውና ጽሑፉ በስክሪኑ ሁለት ጥግ ሁለት ነጥብ ሆነው ይታዩሻል። እነዚያን የተለጠፉ ቅጂዎች ሌላ ነገር ከመጀመርሽ በፊት ሰርዢያቸው። አለዚያ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ሁሉ ሙሉውን ሥዕል ላሳይ ባለ ቁጥር ባዶ ስክሪን ያገኛል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጪና በቅጂው ላይ ሥሪ።

ሌይአውቱን ክፈቺ። የቪውፖርቱን ጠርዝ አንዴ ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ (የነገሩን መጠንና ባሕርይ የሚዘረዝረው ሰሌዳ) ውስጥ «ከስተም ስኬል» የሚለውን ተመልከቺ። በሚሊ ሜትር ለተሳለ 1፡100 የሚጠበቀው 0.01 ነው፤ በሜትር ለተሳለ 1፡200 ደግሞ 5። ከሰው እጅ የተረከብናቸው ፋይሎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምናገኘው 0.0098 ወይም 0.0103 የመሰለ ቁጥር ነው። ቪውፖርቱ ሳይቆለፍ ቀርቶ አንድ ሰው ውስጡ ገብቶ የማውዙን ጎማ ስላዞረው ነው።

እዚህ ላይ አደራ፣ ቁጥሩን ወዲያው ወደ 0.01 ለማስተካከል አትቸኩዪ። አስቀድመሽ ማወቅ ያለብሽ ጽሑፎቹ የተቀመጡት ስኬሉ ከመዛባቱ በፊት ነው ወይስ ከተዛባ በኋላ የሚለውን ነው። ይህን የሚነግሩሽ አክሲሶቹ ናቸው። አጉልተሽ እዪ። ወረቀቱ ላይ የተሳሉት የአክሲስ መስመሮች ሁሉም በኮለኖቹ መካከል በትክክል የሚያልፉ ከሆነ፣ ልጁ የሠራው በዚሁ በተዛባው ስኬል ላይ ነው። ያኔ ስኬሉን ብታስተካክዪው ቤቱ ከሥር ይሰፋ ወይም ይጠብና መስመሮቹ ከኮለኖቹ ይለያያሉ፤ ከጫፍ ጫፍ እየተጓዝሽ ስትመለከቺው ልዩነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ እንደተዛባ አሻግሪው። ቦታው ይያዝልሻል። ስኬሉ 0.0098 ከሆነ የፊደሎቹ ቁመት ከ250 ይልቅ 255 አካባቢ ይሆናል፤ እሱ ግድ የለም፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መርጠሽ ፕሮፐርቲስ ውስጥ 250 ማለት ነው። ከኮለኑ የራቀ አክሲስ ግን በቁጥር ጽፈሽ የምትመልሽው አይደለም። ቪውፖርቱን ወደ 0.01 የምትመልሽውና የምትቆልፊው ሁሉም ከተሻገረ በኋላ ነው።

በተቃራኒው መስመሮቹ ከኮለኖቹ ፈቀቅ ብለው ከታዩሽ፣ ልጁ የሠራው በትክክለኛው ስኬል ላይ ነበር ማለት ነው፤ ስኬሉ የተዛባው በኋላ ነው። አሁን በመጀመሪያ ስኬሉን 0.01 አድርጊና ቆልፊው። ቤቱና ጽሑፉ በመጠን ይገጣጠማሉ፤ ምናልባት የሚቀረው ሁሉም በአንድ አቅጣጫ እኩል መንሸራተታቸው ነው። ፔፐር ስፔስ ውስጥ ሆነሽ ጽሑፎቹንና ክቦቹን በሙሉ ምረጪ፤ «ሙቭ» ብለሽ አንዱን የአክሲስ መገናኛ ያዢና ኮለኑ መካከል ላይ አሳርፊው። ኦብጀክት ስናፕ በቪውፖርቱ በኩል የሞዴሉን ነጥቦች ስለሚይዝ ልክ ኮለኑ ላይ ይቀመጥልሻል።

ከዚህ በኋላ ሌየሮቹን፣ ማለትም ሥዕሉ የተከፋፈለባቸውን ንብርብሮች፣ እዪ። የተቆለፈ ሌየር ላይ ያለ ነገር አይሻገርም፤ ፍሪዝ የተደረገው (ከእይታ የተሰወረው) ደግሞ ሲመረጥም አይገኝም፤ ስለዚህ ሁሉንም ክፈቺያቸው። በምርጫሽ ውስጥ ቪውፖርቱ ራሱ እንዳይገባ ተጠንቀቂ።

ትዕዛዙን ከ«ሆም» ትር፣ ከ«ሞዲፋይ» ፓነል ሥር የተደበቀውን ክፍል ዘርግተሽ ታገኚዋለሽ። መጻፍ ከመረጥሽ ሲ እና ኤች የሚባሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት አስቀድመሽ «ስፔስ» የሚለውን ቃል በላቲን ሳትለያዪ አስከትዪበት። ሞዴል ትር ላይ ሆነሽ ብታዢው እንደማይፈቀድ ይነግርሻል፤ መንገዱ ከሌይአውት ብቻ ነው። ከቪውፖርቱ ውጪ ባለው ወረቀት ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርገሽ ፔፐር ስፔስ ውስጥ መሆንሽን አረጋግጪ። ከዚያ ትዕዛዙን ስጪ፣ የሚሻገሩትን ምረጪ፣ ኢንተር ተጫኚ። ሌይአውቱ ላይ ያሉት ቪውፖርቶች ከአንድ በላይ ከሆኑ የትኛው እንደሆነ ይጠይቅሻል። ያኔ የሚፈለገው ውስጥ ክሊክ አድርጊ፣ ጠርዙ መወፈሩን እዪና እንደገና ኢንተር ተጫኚ። አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ከሆነና በማውዝ መያዝ ካስቸገረሽ ኮንትሮልና አር በአንድ ላይ ስትጫኚ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዘዋውርሻል።

ሥራው ሲያልቅ ከታች በትዕዛዝ መስመሩ ላይ ስንት ነገሮች እንደተሻገሩና በስንት እንደተባዙ ይጻፋል። ይህን መስመር ማንበብ ልማድሽ ይሁን፤ እኔ ከጠቅላላው ሥራ አብልጬ የምመለከተው እሱን ነው። ወለል ፕላኑ ላይ 100፣ ሳይት ፕላኑ ላይ 0.2 ማለት አለበት። 50 ካለሽ ጽሑፉ የገባው በወለል ፕላኑ በኩል ሳይሆን ከጎኑ ባለው የደረጃው ዝርዝር በ1፡50 ቪውፖርት በኩል ነው። 102.04 ካለሽ ስኬሉ 0.0098 ነው። ያልጠበቅሽው ቁጥር ከመጣ ኮንትሮልና ዜድ በአንድ ላይ ተጭነሽ መልሺው እንጂ በእጅ ለማስተካከል አትሞክሪ።

ሳይት ፕላኑም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ቁጥሮቹ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቢሆኑም፣ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ እይታው ተጠማዞ ቢሆንም ትዕዛዙ ሁለቱንም ያውቃል። በእጅ ብትሠሪው ግን በ0.2 ማባዛት፣ ማዞር፣ ከዚያም 850 ኪሎ ሜትር መውሰድ ነበረብሽ። በነገራችን ላይ የሰሜን ቀስት ወረቀቱ ላይ ከተሳለ እይታውን ባዞርሽ ቁጥር ይዋሻል። እሱን ወደ ሞዴሉ አሻግሪው፤ ከግቢው ጋር አብሮ ይዞራል።

ታይትል ብሎኩ የተገላቢጦሽ ጉዞ ነው። አሁን ሞዴሉ ውስጥ 84,100 በ59,400 ሆኖ ተቀምጧል፤ በ0.01 ሲባዛ ልክ ኤ1 ይሆናል። መጀመሪያ እሱን በሙሉ የሚያሳይ በ1፡100 የተቆለፈ ቪውፖርት ያስፈልግሻል። ያለው ቪውፖርት ጠባብ ከሆነ አዲስ ጊዜያዊ ቪውፖርት ክፈቺለት። ከዚያ ቪውፖርቱ ውስጥ ሁለቴ ክሊክ አድርገሽ ግቢ፣ ትዕዛዙን ስጪ፣ ብሎኩን ምረጪ፣ ኢንተር። በ1፡50 ቪውፖርት በኩል ካወጣሽው 1,682 ሚሊ ሜትር ስፋት ይዞ ከወረቀቱ ይተርፋል፤ ስለዚህ ለየትኛው ስኬል እንደተባዛ አስቀድመሽ እወቂ። ብሎክ (እንደ አንድ ነገር የተያያዘ ስብስብ) ከሆነ ውስጡ የተሞሉት የፕሮጀክቱ ስም፣ ቀኑና የሥዕሉ ቁጥር እንዳሉ አብረውት ይመጣሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ቀድሞ በ100 ተባዝቶ የገባ ብሎክ ከሆነ አሁን ፕሮፐርቲስ ውስጥ የኤክስ ስኬሉ 1 ይላል።

ልኬቶቹን በተመለከተ ግን ምክሬ ይለያል። የክፍል ስምና አክሲስ አሻግሪ፤ ልኬትን ከቻልሽ ሰርዘሽ ሞዴሉ ውስጥ እንደ አዲስ አስቀምጪው። ምክንያቱን ላሳይሽ። 4 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል በ1፡100 ወረቀቱ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀቱ ላይ የተሠራ ልኬት ከሞዴሉ ጋር የተያያዘ ከሆነ በትክክል 4000 ይላል። ግንኙነቱ ከተበጠሰ ግን 40 ይላል። ይህን ያየ ሰው ከሁለት አንዱን አድርጎ ሊሆን ይችላል፦ ወይ ልኬቱን በ100 አባዝቶ እንዲጽፍ አዞታል፣ ወይ ቁጥሩን በእጁ 4000 ብሎ ጽፎበታል። የመጀመሪያው ሲሻገር ራሱን ያጋልጣል፤ እውነተኛውን 4000 በ100 አባዝቶ 400000 ስለሚል ወዲያው ታዪዋለሽ፤ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ዲም ስኬል ሊኒየር» የሚለውን ወደ 1 መመለስ ነው። አደገኛው ሁለተኛው ነው። በእጅ የተጻፈ ቁጥር ግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ቢገፋም 4000 እንዳለ ይቀጥላል። ፎርማኑ የሚያምነው ያንን ቁጥር ነው፤ ብሎኬቱም በዚያ ቁጥር ይደረደራል።

ብዛታቸው እንደገና ለማስቀመጥ የማያስችል ከሆነና ማሻገር ግድ ከሆነብሽ፣ ከተሻገሩ በኋላ አንድ በአንድ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ቴክስት ኦቨርራይድ» የሚለውን ተመልከቺ። እዚያ የተጻፈ ነገር ካለ አጥፊው፣ ልኬቱም እውነተኛውን ይናገር። ከዚያ «ዲም ስኬል ኦቨርኦል» 100 መሆኑን አረጋግጪ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ አቅጣጫ የትንንሾቹን ልኬቶች ድምር ከጠቅላላው ልኬት ጋር አስተያዪ። ይህ ጥንታዊ ምርመራ ነው፤ እስከ ዛሬ የተሻለ አላገኘሁለትም።

ጽሑፉ ሞዴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚገጥምሽ አንድ ሌላ ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ ሳለ የሚታየው በአንድ ሌይአውት ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ያንን የቤቱን ክፍል በሚያሳየው ቪውፖርት ሁሉ ይታያል። የመታጠቢያ ቤቱን ዝርዝር በ1፡50 የሚያሳየው ሉህ ላይ «መታጠቢያ ቤት» የሚለው ጽሑፍ በ5 ሚሊ ሜትር ቁመት ዕቃዎቹ ላይ ተጋድሞ ታገኚዋለሽ። መፍትሔው የ1፡100 ጽሑፎችን በራሳቸው ሌየር ላይ ማድረግና፣ በዝርዝሩ ቪውፖርት ውስጥ ገብተሽ ያንን ሌየር ለዚያ ቪውፖርት ብቻ ፍሪዝ ማድረግ ነው። የሌየሮች ዝርዝር ውስጥ «ቪፒ ፍሪዝ» የሚል የተለየ ዓምድ አለ፤ ተራውን ፍሪዝ ከተጫንሽ ከሁሉም ቦታ ይጠፋብሻል። በየስኬሉ ራሱን የሚያስተካክል አኖቴቲቭ ጽሑፍም አለ፤ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ከመጀመሪያው ጀምረሽ ብትጠቀሚበት መልካም ነው። በተወረሰ ፋይል ላይ ከተራው ጽሑፍ ጋር መቀላቀሉን ግን አልመክርሽም።

የቱ የት ይቀመጥ ለሚለው፣ መሐንዲሱ ያለሽን መነሻ አድርጊ። እሱ ያንቺን ፕላን በኤክስሬፍ (የሌላን ፋይል ሥዕል በማያያዝ) ከራሱ ፋይል ሥር ሲያስገባ የሚመጣለት ሞዴል ስፔስሽ ብቻ ነው፤ ሌይአውትሽ ላይ ያለው ሁሉ እዚያው ይቀራል። አክሲስ ያላየው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ባለሙያዎቹም የሚወስዱት ያንኑ ነው። እንግዲህ ቤቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ መንቀሳቀስ ያለበት፣ ሌላውም ባለሙያ የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ ሞዴሉ ውስጥ ይግባ፦ አክሲስ፣ ልኬት፣ የክፍል ስም፣ የወለል ከፍታ፣ የበርና የመስኮት መለያ። የሉሁ የሆነው ወረቀቱ ላይ ይቅር፦ ታይትል ብሎክ፣ የሥዕሉ ርዕስ፣ ጠቅላላ ማስታወሻ፣ የበርና የመስኮት ሰንጠረዥ። ባለቤቱ ሳሎኑ በአንድ ሜትር ይስፋልኝ ባለ ጊዜ «ስትሬች» የምታደርጊው ሞዴሉ ውስጥ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የቀረ ጽሑፍ ይህን አይሰማም፣ ባለበት ይቆማል፣ የሳሎኑም ስም ኮሪደሩ ላይ ይገኛል።

ይህን ስጽፍ ከርዕሱ ትንሽ የሚወጣ ነገር ልጨምር። እዚህ ግንባታ ቦታ ላይ በሠራተኞቹ እጅ የሚዞረው በአብዛኛው ኤ1 ሉህ ሳይሆን ከእሱ ተቀንሶ በኤ3 የታተመው ነው። ኤ1 ወደ ኤ3 ሲወርድ ርዝመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 1፡100 የነበረው 1፡200፣ 2.5 ሚሊ ሜትር የነበረው ፊደል 1.25 ይሆናል። ክረምት ላይ ጭቃ በነካው እጅ የተያዘ ወረቀት ላይ ያንን ማንበብ ይከብዳል። ጽሑፎቹን አሻግረሽ ቁመታቸውን የምታስተካክዪ ከሆነ አጋጣሚውን ተጠቅመሽ ለልኬቶችና ለክፍል ስሞች 350 ብታደርጊው ፎርማኑ ያመሰግንሻል። ርዕሱ ሥርም ከ«ስኬል 1፡100» ጎን የተሳለ የስኬል ማሳያ መስመር ወረቀቱ ላይ አኑሪ፤ ሉሁ ሲያንስ አብሮ ስለሚያንስ አያሳስትም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ይቀራሉ። ትዕዛዙ የሚያሻግር እንጂ የሚገለብጥ አይደለም፤ ከነበረበት ያነሣዋል። ወረቀቱ ላይም እንዲቀር ከፈለግሽ አስቀድመሽ በዚያው ቦታ ላይ ኮፒ አድርጊው፤ መነሻውንም መድረሻውንም 0,0 በዪ። ከዚያ ቻንጅ ስፔስን ስታዢ፣ ምረጪ ሲልሽ ፒ ብለሽ የቀደመውን ምርጫ ስጪው፤ ዋናው ይሻገራል፣ ቅጂው ይቀራል። ሁለተኛው ለአስቸኳይ ጊዜ ነው። መሐንዲሱ ዛሬውኑ አክሲስ ያለበት ፕላን ከፈለገ፣ የሌይአውቱን ትር በቀኝ ክሊክ አድርገሽ «ኤክስፖርት ሌይአውት ቱ ሞዴል» የሚለውን ምረጪ። ሉሁ ላይ የሚታየው በሙሉ በአዲስ ፋይል ሞዴል ስፔስ ውስጥ ይገባል። ለማየት እንዲሆነው ላኪለት፤ መሥሪያ ፋይል ግን አታድርጊው፤ የዋናው ሞዴልሽ መነሻ ነጥብና መጠን እዚያ እንዳለ አይጠበቅም።

ሁሉም ከተሻገረ በኋላ ሞዴል ትሩን ከፍተሽ ከተሻገሩት ጥቂቶቹን ምረጪና ፕሮፐርቲስ ውስጥ የዜድ (የከፍታ) ቁጥራቸውን እዪ። ሳይት ፕላን ላይ ቀያሹ ከፍታውን ጭምር ካስገባ፣ ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የቪውፖርቱ እይታ ዒላማ እዚያ ከፍታ ላይ ተቀምጦ የተሻገረውም ጽሑፍ ወይም መስመር አብሮ ወደ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ከላይ ስታዪው ምንም አይታወቅም፤ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ስትለኪ ግን ርቀቱ የማይታመን ይሆንብሻል። መስመር ከሆነ የመነሻና የመድረሻ ዜዱን፣ ጽሑፍ ከሆነ የቦታውን ዜድ 0 አድርጊ። ከዚያ የአክሲስ ሀ እና የአክሲስ 1 መገናኛ ኮለኑ መካከል ላይ ማረፉን በስናፕ ፈትሺ፤ በሰያፍ ትይዩ ያለውን የመጨረሻውንም እንዲሁ። ሁለቱ ከገጠሙ ፋይሉን ለመሐንዲሱ መላክ ትችያለሽ።